የመስከረም እርጥበትና የመስከረም ፀሐይ

 

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ጎተራ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መስከረም ነው። ስለ በዓሉ ግን አይደለም። በዓሉን እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። የምንነጋገረው ስለ ጓሮና ስለ እህል ነው። በመስከረም መሬቱ ገና እርጥብ ነው። ፀሐይም ወጥታለች። ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጊዜ አጭር ነው፤ ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። በእነዚህ ሳምንታት የሚሠራ ሥራ ስላለ ነው የመጣሁት።

ይህን ንግግር በወረቀት ላይ የምታነቡ ሰዎች፣ ማንበብ የጀመራችሁት በቅርቡ ከሆነ አትቸኩሉ። ያልገባችሁ ቃል ሲያጋጥማችሁ ከሥሩ አስምሩበትና እለፉት። ኋላ ተመልሳችሁ ታነቡታላችሁ።

እስቲ ከሰፈራችን ስም እንነሳ። ጎተራ ምን እንደሆነ ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ከእንጨትና ከጭራሮ ተሠርቶ፣ በጭቃና በእበት ተለስኖ፣ ከምድር ከፍ ብሎ የሚቆም የእህል ቤት ነው። የእኛም ሰፈር ስሙን ያገኘው እዚያ ከተሠራው ትልቅ የእህል ማከማቻ ነው። ዛሬ ጎተራ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የመኪናው ማሳለጫ፣ የባቡሩ ጣቢያና ኮንዶሚኒየሙ ነው። ተማሪዎቼን «ጎተራ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ፣ «ታክሲ የሚያዝበት ነዋ!» የሚሉኝ አሉ። አልተሳሳቱም። ነገር ግን እህሉ ከሰፈሩ አልወጣም። በየቤታችን ጥግ የጤፍ ማዳበሪያ፣ የሽሮ ባልዲ፣ የበርበሬ ዕቃ አለ። በየግቢውም አንድ ክንድም ብትሆን ባዶ መሬት አትጠፋም።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ።

አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ሚሊ ሜትር ሲባል አትደንግጡ። በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ ማለት፣ 1 ሊትር ውሃ ፈሰሰበት ማለት ነው። አንድ ካሬ ሜትር ደግሞ ጎኑ ሁሉ አንድ አንድ ሜትር የሆነ መደብ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ብቻ የሚወርደው ዝናብ ከ500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። እንግዲህ እናስላው። 500 ሊትር ማለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 25 ነው። እያንዳንዷ ካሬ ሜትር መሬታችሁ በሁለት ወር 25 ጄሪካን ውሃ ተቀብላለች! ብዙው በጎርፍ ሄዷል። የቀረው ግን ወደ ውስጥ ሰርጓል፤ አሁንም እዚያው አለ። በጥቅምት ወር ሙሉ የሚጠበቀው ዝናብ ደግሞ ስንት ነው? 40 ሚሊ ሜትር ገደማ። ሁለት ጄሪካን ማለት ነው።

ከ25 ወደ 2። መስከረም በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ድልድይ ነው።

ዝናቡ ለምን ይሄዳል? ፀሐይ በክረምት ከኛ በስተሰሜን ትቆያለች። ዝናብ የሚያመጣው የደመና መቀነትም ይከተላታል። መስከረም 12 ወይም 13 ገደማ ፀሐይ የምድርን ወገብ ተሻግራ ወደ ደቡብ ታመራለች። ደመናውም ተከትሏት ይወርዳል። ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ይመጣ የነበረው እርጥብ ነፋስ ይደክማል፤ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ደረቅ ነፋስ ይገባል። አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ ስታደርገው፣ ይህ ሁሉ ተጀምሯል ማለት ነው።

ታዲያ በየዓመቱ በአንድ ቀን አይወጣም። ክረምት እንደ ሰው ነው፤ አንዳንዴ ቸኩሎ ይሄዳል፣ አንዳንዴ እደጅ ቆሞ ወሬ ያበዛል። በ2007 ዓ.ም. ክረምቱ በብዙ አካባቢ ዘግይቶ ገባ፤ ዝናቡም አነሰ። በማግሥቱ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈለገ። ስለዚህ የአየር ሁኔታ ትንበያ ሲነገር ሬዲዮኑን አትዝጉት። ትንበያ ቃል ኪዳን አይደለም፤ ግን ሳይሰሙ ከመዝራት ሰምቶ መዝራት ይሻላል።

እሺ፣ መሬቱ ውሃ አለው ብለናል። ግን ይጠብቅልናል ወይ? አይጠብቅም። በተለይ ከጎተራ ወደ ሳሪስና ወደ ቃሊቲ ስንወርድ ጥቁር አፈር ይበዛል። ዋልካ የምንለው ነው። ዋልካ ውሃ በመያዝ ማንም አያክለውም። ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ጠባብ መስሎ ይታያል እንጂ እጅ ያስገባል። ውስጥ ያለው እርጥበት በዚያ በኩል ይወጣል። ልክ ክዳኑ እንደተከፈተ ድስት ነው።

መፍትሔው ብዙ ወጪ የለውም። መሬቱ መሰንጠቅ ሲጀምር ላይ ላዩን ኮትኩቱት። ጥልቅ አይደለም፤ አራት ጣት ያህል ይበቃል። የላላው አፈር ስንጥቁን ይደፍነዋል፤ ክዳን ይሆንለታል። አረሙንም አብራችሁ ንቀሉት። አረም ውሃ ይጠጣል፤ ሒሳቡን ግን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

መሬቱ ለመቆፈር ደርሷል ወይስ ገና ነው? በእጃችሁ እዩት። አንድ ጭብጥ አፈር አንሡና ጨብጡት። ውሃ ከወጣው ወይም እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ገና ነው፤ ተዉት። እርጥብ ዋልካ ከተቆፈረ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። ድቡልቡል ሆኖ፣ በአውራ ጣት ሲነኩት ፍርክስ ካለ ጊዜው ነው። በማግሥቱ አትበሉ፣ በዚያው ቀን ቆፍሩ።

ምን እንዝራ? እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ፤ ከፊታችን ብርድ አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው። ቀን የገባውን ሙቀት ሌሊት ይይዝላታል። ከጥቅምት ጀምሮ ጋቢው ይገፈፋል። ሰማዩ ይጠራል፣ ሙቀቱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ይከፋል። በዝቅተኛ ቦታ ላይ አመዳይ የሚያነጣበት ጊዜም አለ።

ስለዚህ ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች አሁን በሜዳ ላይ ብትተክሉ፣ ማፍራት ሲጀምሩ ብርዱ ይደርስባቸዋል። ቲማቲም የሚወድ ሰው ይኼን ሲሰማ ቅር ይለዋል። ግድግዳ ጥግ፣ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ነፋስ የማይነካው ቦታ ያለው ሰው ይሞክር። ሌሎቻችን ግን ብርድ የሚችሉትን እንያዝ። የሐበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር። ውሃ የሚያጠጣ ሰው ካለ ነጭ ሽንኩርትም ጥሩ ነው።

ሰላጣና ቆስጣ በሁለት ወር ገደማ ይደርሳሉ። ካሮት ሦስት ወር ይፈልጋል። እንግዲህ መስከረም 10 የዘራ ሰው ኅዳር ላይ ቅጠል ይቆርጣል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል አይደል? ለጾሚው ጎመን በጓሮ አለ ማለት ነው። ለማይጾመውም ቢሆን ከገበያ ቅጠል መግዛት ቀረለት።

ስለ ካሮት ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው በእሱ ነውና። ካሮት ችግኙ ተነቅሎ አይተከልም። ከተነቀለ ሥሩ ይጎዳና እንደ ሱሪ ሁለት እግር ያወጣል። በቦታው ይዘራል። ጥልቀቱ የትንሿ ጣት ጥፍር ያህል ብቻ ይሁን። ለመብቀል ከ10 እስከ 15 ቀን ይወስዳል። በእነዚህ ቀናት ላዩ ከደረቀ ዘሩ ይሞታል። ስለዚህ ያረጀ ኬሻ አርጥባችሁ አልብሱት። ጠዋት ጠዋት ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። ብቅ ሲል ኬሻውን አንሡ። ትንሽ ሲያድግ አሳሱት፤ በአንዱና በአንዱ መካከል ሦስት ጣት ይኑር። ማሳሳት ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። የበቀለን ነገር መንቀል ማን ይወዳል? ካልሳሳ ግን ሁሉም ክር ሆኖ ይቀራል።

ዘር ስትገዙ እሽጉን አንብቡ። ማንበብ የተማርነው ለዚህ ነው። የታሸገበት ዓመተ ምህረትና የሚያበቃበት ጊዜ ተጽፎበታል። ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል ግራ ከገባችሁ ጠይቁ። የቆየ ዘር እጃችሁ ላይ ካለ አትጣሉት፤ ፈትኑት። 10 ፍሬ ቁጠሩ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ ሙቀት ያለበት ቦታ አስቀምጡ፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ ጠብቁ። 8 ወይም 9 ከበቀለ ደህና ነው። 5 ከበቀለ እጥፍ አድርጋችሁ ዝሩ። 2 ከሆነ ሌላ ዘር ፈልጉ።

መሬት የለኝም የምትሉ፣ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ወገኖች፣ እናንተን አልረሳሁም። ማዳበሪያ ከረጢት ወይም የተቆረጠ ጄሪካን አፈር ተሞልቶ ሰላጣና ቆስጣ ያበቅላል። ሥሩን ብሱት፣ ውሃው ይውጣ። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን እርጥብ አፈር ሲሞላ ከ30 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። በረንዳችሁን አታስጨንቁት፤ ከታች የሚኖሩትንም ጎረቤቶች አስቡ። ደግሞ ጄሪካኑ ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር እወቁ። ኬሚካል የያዘ ዕቃ ምግብ አይበቅልበትም።

ለጉዝጓዝ ደግሞ ሩቅ አትሂዱ። ለእንቁጣጣሽ ቄጤማ ጎዝጉዛችኋል። ለመስቀልም ትጎዘጉዛላችሁ። ሲጠረግ የት ነው የሚሄደው? ቆሻሻ ገንዳ። ተዉ እንጂ! ያ ቄጤማ በችግኞቹ መካከል ቢነጠፍ ፀሐይ አፈሩን አያደርቀውም። ሲበሰብስም አፈር ይሆናል። የቡናውም አተላ እንደዚሁ፤ ከብስባሹ ጋር ቀላቅሉት። ትኩስ ፍግ ግን በቀጥታ አትጨምሩ፤ ችግኙን ያቃጥላል። ሦስት ወር ያህል ተከምሮ ይብላላ።

በማሠልጠኛ ተቋም ሳለን የትምህርት ቤት ጓሮ እንዴት እንደሚለማ ተምረን ነበር። አስተማሪያችን በየመደቡ እየዞሩ፣ «ውሃው ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቁ ነበር እንጂ «ምን ዘራህ?» አይሉም ነበር። ያኔ አይገባኝም ነበር። በአዲስ አበባ ግን ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። በከተማችን የሚያልፉት ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ የፋብሪካ ፍሳሽና የመጸዳጃ ፍሳሽ ይገባባቸዋል። በዚህ ውሃ ያደገ ሰላጣ ላዩ ቢታጠብም ውስጡ የገባው ከባድ ብረት አይታጠብም፤ በመቀቀልም አይጠፋም። ስለዚህ የጣራ ውሃ አጠራቅሙ። የመስከረም ዝናብ ገና አላለቀም፤ በርሜል አቅርቡለት። አትክልት ያጠባችሁበትን ውሃም አትድፉት። ሳሙና ያለበትን ግን ለቅጠል አታጠጡ።

አሁን ደግሞ ከጓሮ ወደ ቤት እንግባ። ፀሐይዋ የምትፈለገው ለዚህ ነው።

ክረምቱን ሙሉ በቤት ጥግ የቆየ እህል እርጥበት ስቧል። ጣታችሁን ከረጢቱ ውስጥ ክተቱ። ሙቀት ወይም ርጥበት ከተሰማችሁ፣ አውጡት። ፀሐይዋ ጠንከር ስትል፣ ከረፋዱ ጀምሮ በሰሌን ወይም በሸራ ላይ ስስ አድርጋችሁ አስጡት። በባዶ መሬት ላይ አይሁን፤ መሬቱ ራሱ እርጥብ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰብስቡት። ከዚያም አንድ ፍሬ ሽምብራ ወይም በቆሎ በጥርሳችሁ ስበሩ። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ከታኘከ አልደረቀም። መልሳችሁ ስታስቀምጡት በርብራብ ላይ ይሁን፤ ከግድግዳም አንድ ስንዝር ይራቅ።

ሻግቶ ያገኛችሁት እህል ወይም በርበሬ ቢኖርስ? ይህን በደንብ ስሙኝ። ሻጋታ ሁሉ በመታጠብና በመቁላት አይድንም። አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የሚያወጣ ሻጋታ አለ። በቆሎ፣ ለውዝና በርበሬ ላይ ይወጣል። ጉበት ይጎዳል። ድስት ውስጥ መፍላት አያጠፋውም። ከደህናው ጋር ቀላቅሎ ማስፈጨትም ደህናውን ማበላሸት ነው። ላምም አትመገበው፤ መርዙ በወተቷ ተመልሶ ወደ ልጆቻችሁ ይመጣል። እህል መጣል ልብ ያማል። ግን ይጣል።

በገጠር ሆናችሁ የምትሰሙን ገበሬዎች፣ ለእናንተ ሥራውን ላስተምር አልዳዳም። በአድዓና በበቾ ሜዳ ሽምብራና ጓያ ክረምቱ ሲወጣ በዋልካው እርጥበት ላይ መዝራት የቆየ ጥበብ ነው። ሽምብራው ከዘር እስከ አጨዳ ብዙውን ጊዜ የሚኖረው በዚያ በተጠራቀመው ውሃ ነው። እኔ የምነግራችሁ በከተማ ያየሁትን ሁሉ የሚያስረሳ አንድ ነገር ነው፤ ለከተማውም ሰው ይሆናል። ጎተራችሁን አሁን፣ እህሉ ሳይገባ አዘጋጁ። አሮጌውን ፍርፋሪ ጥረጉና አቃጥሉ፤ የዘንድሮ ነቀዝ የሚፈለፈለው በአምናው ፍርፋሪ ነው። ስንጥቁን ለስኑ። ፀሐይ እስኪገባው ክፈቱት። ዛሬ አየር የማያስገባ ሦስት ድርብ ከረጢት ገበያ ላይ አለ። ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮች ለየብቻ ጥብቅ ተደርገው ሲታሰሩ፣ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። መድኃኒት አይፈልግም። እህሉ በደንብ መድረቅ ግን አለበት።

መድኃኒት ካልኩ አይቀር፣ ዋናውን ልናገር።

ለነቀዝ ተብሎ የሚሸጥ ኪኒን አለ። ስሙ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ነጣ ያለ ወይም ግራጫ ኪኒን ነው፤ ለራስ ምታት የሚዋጥ ይመስላል። ይህ ኪኒን ከአየር ውስጥ እርጥበት ሲያገኝ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ጋዙ ነው። ጋዙ ግን ነቀዝን ከሰው አይለይም። ከረጢቱ መኝታ ክፍል ውስጥ ካለ፣ ቤተሰቡ ተኝቶ ላይነቃ ይችላል። እንደ ነጭ ሽንኩርት ወይም እንደ ተበላሸ ዓሣ ሊሸት ይችላል፤ የማይሸትበትም ጊዜ አለ። ለተመረዘ ሰው ማርከሻ የለውም። ሐኪም የሚችለውን ይረዳል እንጂ የሚሰጠው ማርከሻ የለም።

ስለዚህ ሰው በሚያድርበት ቤት ይህ ኪኒን አይገባም። ትንሽ ነው አይባልም፤ አንድ ፍሬ ነው አይባልም። ከእሽጉ ወጥቶ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ቢመጣ አትግዙት። እሽግ የሌለው መድኃኒት ጽሑፍ የለውም፤ ጽሑፍ ከሌለው ምን እንደሆነ አታውቁም። እሽጉ ላይ የራስ ቅልና አጥንት ሥዕል ካያችሁ ቃሉን ፈልጉ። ሦስት ፊደል ነው። መ። ር። ዝ። በየትኛውም ጣሳ፣ በየትኛውም ላስቲክ ላይ እነዚህን ሦስት ፊደሎች ስታዩ ቁሙ። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ይህን ቃል አስነብቧቸው። ፊደል ያልቆጠረ ጎረቤት ካላችሁም፣ እቤቱ ያለውን ዕቃ ሁሉ አንብቡለት። አደጋ ከደረሰ በር መስኮቱን ክፈቱ፣ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር አውጡ፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱ። ወተት እናጠጣው፣ ጠዋት እናየዋለን እያላችሁ ሰዓት አታባክኑ።

በመጨረሻ የቤት ሥራ አለኝ። መምህር ስለሆንኩ ያለ ቤት ሥራ አልሄድም። አንድ ደብተር ያዙ። በእጃችሁ ጻፉበት። እንዲህ ሊሆን ይችላል፤

መስከረም 8። ሰላጣ ዘራሁ።
መስከረም 14። ሰላጣው በቀለ።
መስከረም 21። ዝናብ ዘነበ። ከዚያ በኋላ አልዘነበም።

ፊደሉ ቢጣመም ግድ የለም። የመጨረሻው ዝናብ የዘነበበትን ቀን በየዓመቱ የሚጽፍ ሰው፣ በአምስተኛው ዓመት ስለ ግቢው ከእኔ የበለጠ ያውቃል። ወደ ጎተራ አካባቢ የምትኖሩ ሰዎች ደብተራችሁን ይዛችሁ ወደ ጎልማሶች ክፍል ስትመጡ አሳዩኝ። የኔንም አሳያችኋለሁ፤ ካሮቴ ገና አልበቀለም፣ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው።

ደህና ሁኑ።